ባሕሩን ወደ ሳሎናችን መለስኩት

አባ፣

ከተለየኸን ትናንት ዘጠኝ ዓመት ሞላ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ የተቀመጥኩት፣ ወሬው ከሌላ ሰው ቀድሞ ከእኔ እንዲደርስህ ስለፈለግኩ ነው። እናንተ ጋ ወሬ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። ባሕሩን፣ ያን የጨው ውሃ አኳሪየምህን፣ ወደ ቤት መልሼዋለሁ። ያው ሳሎን፣ ያው ጥግ፣ በመስኮቱና በመጽሐፍ መደርደሪያህ መካከል። ይህን ስጽፍልህ ፓምፑ ከጀርባዬ እያጉረመረመ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማ ደህና ናት። ጡረታ ወጥታለች። ጉልበቷ ስለሚያማት ገበያ የምትሄደው በባጃጅ ነው፤ ከሾፌሩ ጋር ግን በራችን እስክትደርስ ትከራከራለች። የበራችን መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት ክረምት ላይ ጭቃው ቀርቶልናል። አንተ ጓሮ የተከልካቸው እንሰቶች ተፍቀው ተበልተዋል፤ አሁን የቆሙት እማ በኋላ የተከለቻቸው ናቸው። እኔ ሐዋሳ ተምሬ፣ ዱራሜ ጥቂት ዓመት ሠርቼ፣ አምና ወደ ሆሳዕና ተዛውሬ መጣሁ። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እንደ ድሮው ከእማ ጋር ነው የምኖረው።

ስመለስ ግን ቤቱ እንደ ድሮው አልነበረም። ያ ጥግ ባዶ ነበር። እማ ወንበር አላስቀመጠችበትም፣ ጠረጴዛ አላስጠጋችበትም። እንግዳ ሲበዛ እንኳ ሰው እዚያ ጋ አይቀመጥም፤ ሳሎኑ ሁሉ ወደ በሩ ተጨናንቆ ያ ቦታ ብቻውን ይቀራል። ስምህም አይጠራም። እማ አንተን ማንሳት ግድ ሲሆንባት «ያኔ» ትላለች። «ይሄ ሶፋ ያኔ የተገዛ ነው።» «ያኔ እንዲህ አልነበረም።» አንተ ሰው መሆንህ ቀርቶ ጊዜ ሆነህ ነበር፣ አባ። እኔም ድምፅህ እየጠፋብኝ መጣ። ፊትህ ፎቶ ላይ አለ፤ ድምፅህ ግን የትም የለም። አንዳንድ ቀን ሥራ ቦታ «ቴሬ» ብለህ ስትጠራኝ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኝ እደነግጣለሁ።

የመብራት ነገር ደግሞ አለ። እማ መብራት በጠፋ ቁጥር ያለችበትን ሥራ ጥላ ወደ ቆጣሪው ትሄድና ብሬከሩን ታወርደዋለች። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይበራል፣ የእኛ ቤት ጨለማ ሆኖ ይቆያል። አንዳንዴ ሰዓታት፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ። ጎረቤቶች ለምደውታል። ማንም አይጠይቃትም፤ ምክንያቱን የማያውቅ የለም።

ያን ቀን ምን እንደሆነ አንተ ታውቅ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እኛ የምናውቀው ይህን ነው። ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። አንተ ሁልጊዜ «እጅ ከመግባቱ በፊት ስፒና ይነቀላል» ትለኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን መብራት ስለሌለ ሳትነቅል እጅህን አኳሪየሙ ውሃ ውስጥ ከተትክ። ከድንጋዮቹ ጀርባ የነበረው ማሞቂያ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ማንም አላየውም። ከዚያ መብራት መጣ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው «መብራት መጣ!» ብለው በአንድ አፍ ጮኹ። እኔ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ ነበር፤ ጩኸቱን መንገድ ላይ ሰምቼ ደስ ብሎኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ለቀብርህ የመጡት ሰዎች ለለቀስተኛው ቦታ ሲፈልጉ አኳሪየሙን ተሸክመው ጓሮ አወጡት። ዓሦቹን ያስታወሰ አልነበረም፤ ማን ያስታውስ። በኋላ ሳየው መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ታቹ ላይ ነጭ ጨው ቀርቶ ነበር።

እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን አልረሳሁም። ባሕር ሳታይ ባሕር የምታስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነበርክ። ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር ጓደኛህ በሁለት ቢጫ ጄሪካን የባሕር ውሃ ያመጣልህ ቀን ትዝ ይለኛል። ጄሪካኑን ከመክፈትህ በፊት እማንም እኔንም ጠርተህ አሰለፍከን። ጣትህን ነክረህ ቀመስክና ፊትህ ተኮማተረ፤ ከዚያ ለእኛም አቀመስከን። እማ በከምባትኛ የሆነ ነገር ተናገረችህ፣ አንተ በሀዲይኛ መለስክላት፣ እኔ መሃል ቆሜ በአማርኛ «ምንድነው ያላችሁት?» እያልኩ ለመንኳችሁ። ሁለታችሁም ሳትነግሩኝ ቀራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ነው። ከምሳ ስመለስ አንድ የዓሣ ሱቅ መስኮት ላይ ሁለቱን አየኋቸው፤ የአንተን ዓይነት፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ ቀለበት ያላቸው። ቆሜ ስመለከት የከሰዓቱ ሥልጠና አለፈኝ። ሻጩ ወጥቶ «እህት፣ ግቢና እዪ» አለኝ። ገባሁ። የጨው ውሃ ሽታው ሲመታኝ ያን ጊዜ ድምፅህን ሰማሁት፣ አባ። እንደ ሕልም አይደለም፤ «ቴሬ፣ ክዳኑን ቀስ አድርገሽ» ያልከኝን በትክክል አስታወስኩት። ዓሦቹን አልገዛሁም፤ መጀመሪያ ውሃው እንደሚዘጋጅ አስተምረኸኛል። መስታወቱን፣ የባሕር ጨውና ፓምፑን ገዝቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ የኋላውን ወንበር ለእኔና ለእሱ ይዤ ወደ ቤት ተሳፈርኩ። ቡታጅራ ላይ የገቡ አንዲት እናት በጣታቸው እያንኳኩ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መስታወት ለምን ነው?» አሉኝ። «ለውሃ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ውሃ ቤታችሁ የለም?» አሉኝ ከልባቸው አዝነው።

ያን መልካም ስሜት ይዤ በራችን ደረስኩ። እማ ስታየኝ እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጠች። መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች።

«እንዲያስገቡት ልንገራቸው?» አልኳት። ሁለት የሰፈር ልጆች ከኋላዬ ተሸክመውት ቆመው ነበር።

«ቤቱ የአንቺም ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

እሺታ እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ግን አስገባሁት። ለምን እንዳስገባሁት ብትጠይቀኝ፣ ያ ጥግ ባዶ ሆኖ ከሚቀጥል ቁጣዋን እመርጥ ነበር እልሃለሁ። ቁጣዋ ግን አልመጣም። የመጣው ዝምታ ነው። እማ ሳሎን መቀመጥ ተወች። ራቷን ጓዳ ትበላለች፤ ወደ መኝታ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ውሃ ከመሙላቴ በፊት ሳሙኤል የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። የሳሎኑን ሽቦ በሙሉ አስቀየርኩ፤ የመሬት ሽቦ አስቀበርኩ፤ ኤሌክትሪክ ባልሆነ መንገድ ሲያልፍ ራሱን የሚያጠፋ አዲስ ብሬከር አስገባሁ። ማሞቂያው መስታወት ያልሆነ፣ የማይሰነጠቅ ዓይነት ነው። ሳሙኤል ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሰበስብ እማ ከጓዳ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ልጅ አለህ?» አለችው።

«አለኝ፣ እናቴ። ሴት ልጅ።»

«እዚህ ውስጥ እጇን ብትከት ትፈቅድላታለህ?»

ሳሙኤል ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሽቦው አየ። «ተነቅሎ ከሆነ አዎ» አላት። «ሳይነቀል ለማንም አልፈቅድም። የሠራሁት ብሬከር ደህና ነው፣ ግን እኔ የምተማመነው በተነቀለ ስፒና ነው።»

እማ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ደህና ነው ብሎ ቢምልላት ኖሮ ያን ዕለት መስታወቱን ታስወጣው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የነበሩት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። እጄ ነገሩን ረስቶት ነበር፣ አባ። መጀመሪያ ጨው አበዛሁ፤ ቀጥሎ ሳቀጥነው አሸዋው ተነሥቶ ውሃው እንደ ወተት ሆነ። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ እንደሆነና ጨው እንደሚቀር ዘንግቼ የጎደለውን በጨው ውሃ ሞላሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር ውዬ ማታ የባዶ ውሃ አሞኒያ፣ ዓሣ የሚገድለውን መርዝ፣ እለካለሁ፤ ከፍ ይላል፣ አይወርድም። ዓሣ የሌለበትን ገንዳ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በዚህ መሃል መብራት በጠፋ ቁጥር እማ ብሬከሩን ታወርዳለች። መልሼ እንዳላነሣው አጠገቡ ትቆማለች። አልታገላትም፤ ዓሣ ስለሌለ የሚጎዳ አልነበረም። ሁለታችንም ግን ዓሣው የሚመጣበትን ቀን እያሰብን ነበር።

አሞኒያው በመጨረሻ ወርዶ ውሃው ጠራ። ሁለቱን ዓሦች ከአዲስ አበባ በከረጢት አስመጣኋቸው። አንተ እንዳስተማርከኝ ከረጢቱን ውሃው ላይ አንሳፍፌ፣ ጥቂት በጥቂት ቀላቅዬ ለቀቅኳቸው። መጀመሪያ ጥግ ገብተው ተደበቁ፣ ቀጥለው አንዱ ወጣ። እማ በጓዳው በር ቀዳዳ ታይ እንደነበር ጥላዋ ነገረኝ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። የእኛ ቦታ ጄኔሬተር ስላለው እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ልቤ ግን ቤት ነበር። ፓምፑ ቆሟል፤ ዓሦቹ አየር ያጥራቸዋል፤ የሆሳዕናን ብርድ ታውቀዋለህ፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል። እማ ጋ ደወልኩ፤ አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ቆይቶ ከውጭ የልጆች ጩኸት መጣ፤ መብራት መጥቶ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ቀዘቀዝኩ። ይጠራል፣ ይጠራል። ዓሦቹን ረሳኋቸው። ዓይኔ ላይ የመጣው የእማ እጅ ነው። ብትከተውስ? ላድናቸው ብላ፣ መብራት የለም ብላ ብትከተውስ?

ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ «ሐኪም፣ ማን ታመመ?» አለኝ። «እናቴ» አልኩት። እያልኩት እውነት የሆነብኝ መሰለኝ። ልጁ ባጃጁን አበረረው። የሰፈሩ ሱቆች ሁሉ በርተዋል፤ ሙዚቃ ይሰማል። የእኛ ቤት ብቻ ጨለማ ነው። በሩን ስገፋው ተከፈተ። «እማ» አልኩ፤ መልስ የለም። ከሳሎን ግን የውሃ ድምፅ ይሰማል።

እማ አኳሪየሙ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላዋለች። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ በፕላስቲክ ጆግ ከውሃው እየቀዳች፣ ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስሳለች። ትቀዳለች፣ ታፈስሳለች። አንተ መብራት ሲጠፋ አየር እንዲገባለት የምታደርገውን። የነቀለቻቸው ስፒናዎች ሁሉ ጉልበቷ ላይ ተሰብስበዋል፤ አንድ በአንድ አምጥታ ፊቷ አስቀምጣቸዋለች፣ የተነቀሉ መሆናቸውን እያየች እንድትሠራ። እጇ ከብርዱ ቀልቷል።

«መብራት መጥቷል» አለችኝ ሳትዞር። «ብሬከሩን አላነሣሁትም። ማንሣት አልቻልኩም።»

አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጆጉን ልቀበላት ስል አልሰጠችኝም።

«አንዱ አይንቀሳቀስም» አለች። «ሌላው ግን አለ። እዪው፣ አለ።»

ትንሽ እንደቆየን ጆጉን አስቀምጣ ተነሣች። «እኔ ራሴ ነኝ የማነሣው» አለችኝ። «አንቺ በሩ ጋ ቁሚ። እጅሽን አሳዪኝ።» በሩ ጋ ቆሜ ሁለቱን እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ። እንደተያዘ ሌባ፣ አባ፣ ጋውን ለብሼ። እማ ስፒናዎቹን ሰካች፣ ከገንዳው ራቀች፣ ወደ ቆጣሪው ሄደች። ጣቷ ብሬከሩ ላይ ቆመ። ትንፋሿን እሰማለሁ። ዞራ እጆቼን አየች፣ ደግማ አየች። እጄን አላወረድኩም። ከዚያ ወደ ላይ ገፋችው። አምፖሉ በራ። ፓምፑ አጉረመረመና ውሃው መዞር ጀመረ።

እማ ቆጣሪው ላይ እንደተደገፈች «ዴታሞ» አለች። ስምህን። ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ በዚህ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ያን ቀን እየሣቃችሁ ነበር። አንተ እጅህን ውሃው ውስጥ ከትተህ በዚያ በተሰባበረ ከምባትኛህ «ዓሣው ርቦታል» ልትላት ፈልገህ «ዓሣው አማቴ ነው» አልካት። አንጋጫ ያሉት አያቴ፣ የእማ አባት፣ ጉንጫቸው ሞላ ያለ፣ ቁጡ ሰው ናቸው፤ እማ ዓሣውን ስታየው እውነትም መሰላት። ሣቀች፣ አንተም ሣቅክ፤ ሁለታችሁም ሆዳችሁን ይዛችሁ ስትሥቁ ነው ልጆቹ የጮኹት። እማ የመጀመሪያውን ቅጽበት አሁንም እየሣቅክ መስሏት ነበር።

«ይህን ለማን ልንገር?» አለችኝ። «ለቀስተኛው ‘እንዴት ሞተ?’ ሲለኝ ‘እየሣቅን’ ልበለው? ለአባቴስ ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ዝም ስል ስሙም አብሮ ሄደ።»

ብዙ አለቀስን። እንዳለቀስን ግን እማ «አማቴ ነው» ብላ በአንተ አነጋገር ደገመችውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መጀመሪያ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሣቀች ነበር።

አንዱ ዓሣ ሞቷል፤ አልዋሽህም። ሌላው ተርፎ ደህና ይበላል። እማ አሁን ራቷን ሳሎን ትበላለች። ስለ አንተ የማላውቀውን ትነግረኛለች፤ ዋና እንደምትፈራ፣ ለሽምግልና ወደ አንጋጫ ሽማግሌ ስትልክ ከውጭ ዛፍ ሥር ቆመህ ዝናብ እንደመታህ። መብራት ሲጠፋ አሁንም ብሬከሩን ታወርዳለች። ሲመጣ ግን «ቴሬ፣ እጅሽን» ትለኝና እጄን ካየች በኋላ ታነሣዋለች። ይህን እንድትተው አልጠይቃትም።

ትናንት የመታሰቢያ ቅዳሴህ ነበር። ከቅዳሴው በኋላ ዘመድ ሁሉ ቤት ተሰበሰበ፤ የአንተ ወገን ከፎንቆ፣ የእማ ወገን ከአንጋጫ። አያቴም በዘንግ ተደግፈው መጥተዋል፤ አርጅተዋል፣ ጉንጫቸው ግን አልጎደለም። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ሳለ እማ ተነሥታ ቆመች። ለእኔም አልነገረችኝም ነበር።

«ዴታሞ እንዴት እንደሞተ ነግሬያችሁ አላውቅም» አለች።

ነገረቻቸው። ሣቁንም፣ ቃሉንም፣ ሳትቀንስ። ‘ዓሣው አማቴ ነው’ ስትል ሰው ሁሉ ወደ አያቴ ዞረ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ይዘው ወደ አኳሪየሙ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ጉንጫቸውን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ልክ ነበር» አሉ።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ፣ አባ። የፎንቆዎቹም የአንጋጫዎቹም፣ የሚያለቅሱትም ሳይቀሩ። የተረፈው ዓሣ ከድምፁ ደንግጦ ድንጋዩ ጀርባ ገባ።

አባ፣ አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት «ያኔ» አትባልም። ልጅ ብወልድ በስምህ ታሪክህን እነግረዋለሁ፤ እንዴት እንደሞትክ ሲጠይቀኝም እየሣቅክ ነበር እለዋለሁ።

ልጅህ፣ ቴሬ